የእርሻ መሣሪያ ማስቀመጫ ሣጥን አመራረጥና አያያዝ፦ ለቡና አምራች ሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ ትምህርት

1. መግቢያ

በቤንች ሸኮና በሸካ ዞኖች የሚገኝ ቡና አምራች አርሶ አደር በየዓመቱ ለገጀራ፣ ለመጋዝ፣ ለመግረዣ መቀስ፣ ለመኮትኮቻና ለሞረድ ገንዘብ ያወጣል። በመስክ ክትትል ወቅት እንደሚታየው ግን ብዙው መሣሪያ ከሥራ መልስ የሚያድረው ከአልጋ ሥር፣ ከግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ወይም ከቡና ጆንያ ጥግ ነው። አካባቢያችን በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኝ፣ አየሩም አብዛኛውን ጊዜ እርጥብ በመሆኑ እንዲህ የተቀመጠ ብረት ቶሎ ይዝጋል፤ የመጋዝ ጥርስ ይበላል፤ የመቀስ ምንጭ ይሰበራል። በግረዛ ሰሞን መሣሪያው ሲፈለግ ወይ አይገኝም፣ ወይ ደንዝዞ ይገኛል።

ደነዝ መሣሪያ ቡናን ይጎዳል። ቅርንጫፍ በደነዝ ገጀራ ሲመታ ቁስሉ ይተረተራል፣ ቶሎ አይድንም፣ ለበሽታም በር ይከፍታል። ከታመመ ዛፍ የወጣ መሣሪያ ሳይጸዳ ወደ ጤነኛው ከገባ ደግሞ በሽታውን ተሸክሞ ይሄዳል። ስለዚህ የመሣሪያ ሣጥን ጉዳይ የዕቃ ማስቀመጫ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይታይም፤ የማሳ ጤና አጠባበቅ አንዱ ክፍል ነው።

ብዙ አርሶ አደሮች «ሣጥን ለማሠራት አቅም የለኝም» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ከሚያስፈልጋቸው በላይ ትልቅና ውድ ሣጥን ገዝተው ግማሹን ባዶ ያስቀምጣሉ። ይህ ትምህርት ለሁለቱም የተዘጋጀ ነው።

2. የትምህርቱ ዓላማ

ሠልጣኞች ይህን ትምህርት ሲጨርሱ፦
• የመሣሪያቸውን ዝርዝርና ልክ አውጥተው ተስማሚውን የሣጥን መጠን ያሰላሉ፤
• በአካባቢው የሚገኙትን የሣጥን ዓይነቶች አነጻጽረው በአቅማቸው ይመርጣሉ፤
• ሣጥኑ ውስጥ የሚገባውንና የማይገባውን ይለያሉ፤
• መሣሪያ ወደ ሣጥን ከመመለሱ በፊት የሚደረገውን ጽዳት በተግባር ያሳያሉ።

3. መጀመሪያ መሣሪያዎን ይለኩ

ሣጥን ለመግዛት ወደ ገበያ ወይም ወደ ብረታ ብረት ቤት ከመሄድዎ በፊት መሣሪያዎን ሁሉ ግቢ ውስጥ ሸራ ላይ ያውጡ። ከዚያም በሦስት ይክፈሏቸው።

ሀ) ሣጥን ውስጥ የሚገቡ፦ ገጀራ (ቆንጨራ)፣ የቀስት መጋዝ፣ ታጣፊ መጋዝ፣ የመግረዣ መቀስ፣ ማጭድ፣ አጭር እጀታ ያለው መጥረቢያ፣ ሞረድ፣ መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የቡና መፈልፈያ ማሽንና የሞተር ሳይክል መፍቻዎች፣ ምስማርና ብሎን።

ለ) ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ፦ ዶማ፣ አካፋ፣ መኮትኮቻ፣ መቆፈሪያ። እጀታቸው ረጅም በመሆኑ ለእነሱ ሲባል ሣጥን ማስረዘም ገንዘብ ማባከን ነው። ሁለት ወፍራም ምስማሮች ወይም ባለ ሹካ እንጨት ይበቃቸዋል።

ሐ) ከሣጥኑም ከመኖሪያ ቤቱም የሚርቁ፦ ፀረ ተባይ፣ ፀረ አረም፣ የኬሚካል መርጫና የርጭት ልብስ። በእነዚህ ላይ በክፍል 7 እንመለሳለን።

ከዚያ በ«ሀ» ሥር ካሉት ውስጥ ረጅሙን ይለኩና 10 ሳ.ሜ ይጨምሩ። የሣጥኑ የውስጥ ርዝመት ይህ ነው። ወርዱና ቁመቱ የሚወሰነው በሰፊው ዕቃ፣ ብዙውን ጊዜ በቀስት መጋዙ ነው። ወደፊት ለሚገዙት ዕቃ ከጠቅላላው ቦታ ሩብ ያህሉን ይተዉ፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ምሳሌ፦ አንድ አርሶ አደር ረጅሙ መሣሪያው 80 ሳ.ሜ የሆነ መጥረቢያ ቢሆን 10 ሳ.ሜ ጨምሮ 90 ሳ.ሜ ይይዛል። ወርድ 45 ሳ.ሜ፣ ቁመት 40 ሳ.ሜ ቢያደርግ ሣጥኑ 90 በ45 በ40 ይሆናል። በዓይን ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከላይ በ«ሀ» የተዘረዘረውን በሥርዓት ከተደረደረ ይይዛል።

4. መጠን ሲጨምር ዋጋ ስንት ይጨምራል?

የላሜራ ዋጋ በየጊዜው ስለሚቀያየር እዚህ የብር መጠን አልተጻፈም። የሚያስፈልገውን ብረት ግን አርሶ አደሩ ራሱ ሊያሰላው ይችላል። 1 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው 1 ካሬ ሜትር ላሜራ ወደ 8 ኪ.ግ ይመዝናል። 1.5 ሚ.ሜ ከሆነ ወደ 12 ኪ.ግ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ሣጥን ስድስት ፊት አለው፦
• ክዳንና ወለል፦ 0.90 × 0.45 × 2 = 0.81 ካሬ ሜትር
• ፊትና ጀርባ፦ 0.90 × 0.40 × 2 = 0.72 ካሬ ሜትር
• ሁለቱ ጎኖች፦ 0.45 × 0.40 × 2 = 0.36 ካሬ ሜትር
ድምር 1.89 ካሬ ሜትር።

በ1 ሚ.ሜ ላሜራ ከተሠራ ወደ 15 ኪ.ግ፣ በ1.5 ሚ.ሜ ከተሠራ ወደ 23 ኪ.ግ ብረት ይፈጃል። ለማጠፊያና ለክዳን ከንፈር የሚሆን ትርፍ ይጨመርበታል።

አሁን ይኸው አርሶ አደር «ትልቅ ይሁንልኝ» ብሎ 120 በ60 በ60 ቢያሠራ 3.6 ካሬ ሜትር ይፈልጋል፤ በ1.5 ሚ.ሜ ወደ 43 ኪ.ግ ነው። ርዝመቱ የጨመረው በአንድ ሦስተኛ ብቻ ሲሆን ብረቱ ግን ወደ እጥፍ ተጠግቷል። ባዶውን ለማንሳት ሁለት ሰው ይጠይቃል፤ ዕቃ ሲሞላማ ከቦታው አይነቃነቅም። ትልቅ ሣጥን የሚያዋጣው የቡና መፈልፈያ ማሽን ላለው ወይም የልማት ቡድኑን መሣሪያ በጋራ ለሚያስቀምጥ አርሶ አደር ነው።

5. የሣጥን ዓይነቶች ንጽጽር

5.1 በገበያ የሚሸጥ የቆርቆሮ ሣጥን

ይህ ሁላችንም የምናውቀው፣ ለልብስና ለትምህርት ቤት ዕቃ የሚገዛው ሣጥን ነው። በአዲስ አበባ መርካቶ በምናለሽ ተራ የእጅ ባለሙያዎች ከአሮጌ በርሜልና ከቁርጥራጭ ብረት ልዩ ልዩ ዕቃ እንደሚሠሩ ይታወቃል፤ እንዲህ ያለው ሥራ በየከተማው አለ። ዋጋው ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ነው። ድክመቱ ቆርቆሮው ስስ መሆኑ ነው፤ መጥረቢያና መዶሻ ወለሉን ይቀዱታል፣ ማጠፊያውም ቶሎ ይላቀቃል። የሚገዛ ሰው ወለሉ ላይ ጣውላ ማንጠፍ፣ ማጠፊያውንም በብሎን ማጠናከር አለበት። መሣሪያው ጥቂት ለሆነ ጀማሪ ይበቃዋል።

5.2 በብረታ ብረት ቤት የሚሠራ የላሜራ ሣጥን

በልክ የሚሠራ በመሆኑ ባዶ ቦታ አይኖረውም። ጠንካራ ነው፤ ምስጥም አይጥም አይደፍረውም፤ በአግባቡ ከተቀባ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ለአብዛኛው ቡና አምራች 1 ሚ.ሜ ላሜራ ሆኖ ወለሉ ብቻ 1.5 ሚ.ሜ ቢሆን ዋጋውም ጥንካሬውም ይመጣጠናል። ሁለት ድክመቶች አሉት። አንደኛ፣ ሙሉ በሙሉ ከታፈነ በሌሊት ቅዝቃዜ ውስጡ ያልባል፣ መሣሪያውም በጠል ይረጥባል። ሁለተኛ፣ ቀለሙ ከተላጠ ዝገቱ ከብየዳው ይጀምራል።

5.3 በአናጢ የሚሠራ የእንጨት ሣጥን

እንጨት አያልብም፤ ስለት ያለው መሣሪያም ሲያርፍበት አይጎዳም። ከ2 እስከ 2.5 ሳ.ሜ ውፍረት ያለው በደንብ የደረቀ ጣውላ ይመከራል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም፤ ስለዚህ አስቀድሞ ጥላ ሥር ተደርድሮ መድረቅ አለበት። በማሳ ዳር የተተከለ ግራቪሊያ ካለ ይሠራል። ዋንዛ ለሣጥን የታወቀ እንጨት ቢሆንም የቡና ጥላ ነው፤ ለሣጥን ተብሎ ጥላ ዛፍ መቁረጥ ቡናውን ለፀሐይ ማጋለጥ ይሆናል። ከደን ያለፈቃድ የተቆረጠ እንጨትም መግዛት አይገባም። የሸካ ደን በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ መመዝገቡን እናስታውስ።

የእንጨት ሣጥን ዋና ጠላት ምስጥ ነው፤ በተለይ ሞቃት በሆኑት ቆላማ ቀበሌዎች። እግሮቹ ድንጋይ ላይ መቆም አለባቸው፤ ክዳኑም በቆርቆሮ ቢለበስ ዕድሜው ይረዝማል።

5.4 ከአሮጌ በርሜል የሚሠራ ሣጥን

200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ቁመቱ ወደ 88 ሳ.ሜ፣ ወርዱ ወደ 58 ሳ.ሜ ነው። ተጋድሞ በርዝመቱ ከተከፈተና ማጠፊያና እግር ከተበጀለት ገጀራና መጋዝ በሚገባ ይይዛል። ብረቱ ደህና በመሆኑና ብየዳው ጥቂት በመሆኑ ወጪ ይቀንሳል።

ሁለት ነገር ግን በጥብቅ ይጠበቅ። ፀረ ተባይ ወይም ሌላ መርዝ የነበረበት በርሜል ለምንም አገልግሎት አይውልም። ነዳጅ ወይም ዘይት የነበረበት በርሜል ደግሞ ባዶ ቢመስልም ውስጡ የቀረው ትነት በብየዳ ወይም በመቁረጫ ፍንጣሪ ሊፈነዳ፣ ሰውንም ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ሥራውን ለሚያውቅ ባለሙያ ብቻ ይስጡ፤ «እንዴት ታጥቦ፣ እንዴት ይቆረጣል?» ብለውም ይጠይቁ። መልሱ ካላጠገብዎ በርሜሉን ይተዉት።

5.5 ባለ መሳቢያና ባለ ጎማ የጋራዥ ሣጥን

በትልልቅ ከተሞች የሚሸጡት ባለብዙ መሳቢያ ሣጥኖች ለመኪና ጋራዥ የተሠሩ ናቸው። መሳቢያው ለመፍቻና ለካቻቢቴ እንጂ ለገጀራና ለመጋዝ አይሆንም። ጎማው በሲሚንቶ ወለል ላይ እንጂ በአፈር ግቢ ላይ አይሽከረከርም። ጥሩ ዕቃ ቢሆንም ለቡና ማሳ ሥራ ገንዘቡን አይመልስም። ከእሱ መኮረጅ የሚገባን አንድ ነገር ትንንሽ ዕቃዎችን ለብቻ መለየቱን ነው፤ ይህንንም ከጣውላ በሚሠራ ተንቀሳቃሽ ትሪ ማግኘት ይቻላል።

6. ሲያሠሩና ሲገዙ የሚታዩ ነጥቦች

1) ክዳን፦ ከንፈሩ በሣጥኑ ውጭ በኩል ከ3 እስከ 5 ሳ.ሜ ወደ ታች ይውረድ። በረንዳ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ክዳኑ ወደ ፊት ትንሽ ያዘንብል፤ ውኃ አይቁምበት።
2) የአየር ቀዳዳ፦ በሁለቱ ጎኖች ከክዳኑ ከንፈር ሥር አራት አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይበጁ፤ ከውስጥ በወንፊት ሽቦ ይሸፈኑ። ውስጡ እንዳያልብ የሚረዳው ይህ ነው።
3) ወለል፦ ብረቱ ላይ ተነቃይ የጣውላ ርብራብ ይደረግ። እርጥበት ከሥር ይቀራል፣ መሣሪያውም ብረት ላይ አይተኛም።
4) እግር፦ ወለሉ ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሳ.ሜ ከፍ ይበል።
5) ብየዳ፦ ነጥብ ነጥብ ብቻ ከሆነ በመካከሉ ውኃ ይገባል፤ ማዕዘኖቹ ላይ ሙሉ ይሁን።
6) ልክነት፦ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ሁለቱንም አቅጣጫ ይለኩ። ሁለቱ ልኮች እኩል ካልሆኑ ሣጥኑ ጠማማ ነው፤ ክዳኑም አይገጥምም።
7) የብርሃን ፍተሻ፦ የሞባይል መብራት አብርተው ሣጥኑ ውስጥ ያስቀምጡ፣ ክዳኑን ይዝጉ፣ በጨለማ ቦታ ዙሪያውን ይመልከቱ። ከአየር ቀዳዳው ሌላ ብርሃን በሚወጣበት ሁሉ ዝናብ ይገባል።
8) ቀለም፦ መጀመሪያ አንቲረስት፣ ከደረቀ በኋላ የላይኛው ቀለም። ከሥርና ከውስጥ መቀባቱን ያረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ነው።
9) ሰንሰለት፦ ክዳኑ ሲከፈት ተመልሶ ጣት ወይም ራስ ላይ እንዳይወድቅ በሰንሰለት ይያዝ።
10) ጓጉንቸር፦ ሣጥኑ ሁልጊዜ ይቆለፍ። ስለት ያለበት ሣጥን ለሕፃን አደጋ ነው፤ ትልቅና ባዶ ሣጥንም ሕፃን ገብቶ ሊታፈንበት ይችላል።

ከባለሙያው ጋር ሲዋዋሉ ልኩን፣ የላሜራውን ውፍረትና የሚጠናቀቅበትን ቀን በወረቀት ያስፍሩ፤ ሙሉ ክፍያውን ሣጥኑን ሳያዩ አይክፈሉ። ቢያንስ ሦስት ቦታ ዋጋ ይጠይቁ። አምስት አባወራዎች በአንድ ልክ በጋራ ቢያዙ ላሜራው ያለ ብዙ ቁርጥራጭ ይቆረጣል፣ የማጓጓዣ ወጪውም ይከፈላል።

7. ሣጥኑ የት ይቀመጥ? ከምን ይራቅ?

ሣጥኑ ጣሪያ ያለው፣ ጎርፍ የማይደርስበት፣ ከግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል የራቀ ቦታ ይቀመጥ። እግሮቹ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይረፉ፤ የምስጥ መንገድ እንዳለ በየሳምንቱ ይታይ።

ከቡና ማከማቻ ይለይ። ቡና ሽታ በቀላሉ ይስባል። የሞተር ዘይት፣ ቤንዚን ወይም ቀለም አጠገቡ ካደረ በቅምሻ ጊዜ ሽታው ይገኝበታል፣ ደረጃውም ይወርዳል። የዓመት ልፋት በአንድ ጠርሙስ ቤንዚን መበላሸት የለበትም።

ፀረ ተባይና ፀረ አረም ወደ መሣሪያ ሣጥን በፍጹም አይግባ። ትነቱ ብረት ይበላል፤ ከሁሉ በላይ ግን መቀስ ለማምጣት የተላከ ልጅ እጁ መርዝ ላይ ያርፋል። ኬሚካል በራሱ ዕቃና መለያ ጽሑፉ ሳይነሳ፣ ተቆልፎ፣ ከምግብና ከመኖ ርቆ ለብቻው ይቀመጥ።

8. መሣሪያ ወደ ሣጥን ሲመለስ፦ የበሽታ ጉዳይ

የቡናን ዛፍ በቁሙ የሚያደርቀው በሽታ በፈንገስ የሚመጣ ነው። በአገራችን መኖሩ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። በ1990ዎቹ በኮንጎና በኡጋንዳ የሮቡስታ ቡናን ክፉኛ ያጠቃው ከዚሁ ጋር የተዛመደ ነው። ዛፉ አንዴ ከተያዘ የሚያድነው መድኃኒት የለም። ፈንገሱ የሚገባው በቁስል በኩል ነው፤ ቁስሉን የሚያደርሰው ደግሞ በአረም ምንጠራ ጊዜ ግንዱን የሚነካው ገጀራ፣ በግረዛና በጉንደላ ጊዜም መጋዝና መቀስ ነው። ምልክቱ ብዙ ጊዜ በዛፉ አንድ ጎን የሚጀምር የቅጠል መጠውለግና መርገፍ ነው፤ ከግንዱ ቅርፊት ሥር ሲፋቅም ጠቆር ያለ መስመር ይታያል።

ስለዚህ ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት የሚከተለው በቅደም ተከተል ይፈጸም፦

• አፈሩንና ሙጫውን በብሩሽ ወይም በጨርቅ ያስወግዱ። የተበከለ አፈር ካልተወገደ መድኃኒቱ ብረቱን አያገኘውም።
• በሳሙናና በውኃ ይጠቡ።
• ከተጠረጠረ ማሳ የመጣ ከሆነ ስለቱን በአልኮል ይጥረጉ፤ ወይም 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ በጥብጠው ለጥቂት ደቂቃ ይንከሩ። ብጥብጡ በዕለቱ የተዘጋጀ ይሁን፤ ከሌላ ኬሚካል ጋርም አይቀላቀል። በእሳት ነበልባል ማሳለፍም ይቻላል፤ ነገር ግን ብረቱ እስኪቀላ ማቆየት ስለቱን ያበላሻል።
• በረኪና ብረት ስለሚያዝግ በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው በደረቅ ጨርቅ ያድርቁ።
• በሞረድ ይሳሉ፤ ቀጭን የማሽን ዘይት ይቀቡ። አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ ላይ ትንሽ ዘይት አፍስሰው ገጀራውንና ማጭዱን ደጋግሞ መሰካትም ብረቱን ያጸዳዋል፣ ያለሰልሰዋልም።

የተጠረጠረ ማሳ ውስጥ እያሉ ደግሞ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲተላለፉም መሣሪያውን ያጽዱ፤ ሣጥኑ ጋ እስኪደርሱ አይጠብቁ። የሚቻል ከሆነ ለታመመው ማሳ ብቻ የሚውል አንድ ገጀራና አንድ መጋዝ ይለዩና እጀታቸውን ቀይ ቀለም ይቀቡ፤ በሣጥኑ ውስጥም የራሳቸው ክፍል ይኑራቸው። የደረቀውን ዛፍ በተመለከተ እዚያው ነቅሎ ማቃጠል ተገቢ ነው፤ በቦታው መልሶ ከመትከልዎ በፊት የልማት ሠራተኛውን ያማክሩ።

9. ውሰትና መዝገብ

የሞዴል አርሶ አደር ሣጥን የጎረቤትም ሣጥን ነው። ለደቦ መጋዝ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ መከልከልም ነውር ነው። ሆኖም ከማሳ ወደ ማሳ የሚዞር መጋዝ በሽታንም ያዞራል። ስለዚህ ክዳኑ ውስጥ አንድ ደብተርና እርሳስ ይንጠልጠል፤ የተዋሰው ሰው ስም፣ ዕቃው፣ የወሰደበትና የመለሰበት ቀን ይጻፍ። ሕጉም አንድ ይሁን፦ ዕቃ ሲወጣም ሲመለስም ይጸዳል። ይህን ባለቤቱ ራሱ በጎረቤቱ ፊት ቢያደርገው ማንም አይቀየምም፤ ሌላውም እያየ ይለምደዋል።

በሣጥኑ ውስጥ የእያንዳንዱ ዕቃ ቦታ በቀለም ቅርጹ ተሥሎ ቢቀመጥ የጎደለው በአንድ እይታ ይታወቃል።

10. ማጠቃለያ

ጥሩ የመሣሪያ ሣጥን ማለት በልክ የተሠራ፣ ዝናብ የማያስገባ፣ አየር የሚያስወጣ፣ ከመሬት ከፍ ያለና የሚቆለፍ ነው። ከየትኛውም ዕቃ ቢሠራ እነዚህን አምስቱን ካሟላ ይበቃል። አቅም ካነሰ በቆርቆሮ ሣጥንና በጣውላ ርብራብ መጀመር ይቻላል፤ የጽዳቱን ሥርዓት ግን ሣጥኑ እስኪገዛ ማቆየት አያስፈልግም፤ ዛሬ ማታ ከማሳ ሲመለሱ ይጀመራል።

የተግባር ሥራ (በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል)

1) በአምስት በአምስት ሆናችሁ ከቤት ያመጣችሁትን መሣሪያ በሦስቱ ምድቦች ክፈሉ።
2) የሚያስፈልገውን ሣጥን ልክ አውጡ፤ በ1 ሚ.ሜና በ1.5 ሚ.ሜ ላሜራ ስንት ኪ.ግ ብረት እንደሚፈጅ አስሉ።
3) አንድ የዛገ ገጀራ በአሸዋና በዘይት አጽድታችሁ፣ ስላችሁ አሳዩ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1) በቀበሌያችሁ ምስጥ በብዛት ካለ የብረት ወይስ የእንጨት ሣጥን ትመርጣላችሁ? ለምን?
2) ባለፈው ዓመት ከየቤታችሁ ስንት መሣሪያ ጠፋ ወይም ከጥቅም ውጭ ሆነ? ዋጋው ከአንድ ሣጥን ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምን ይመስላል?
3) የተዋሰው መጋዝ ሳይጸዳ ሲመለስላችሁ ጎረቤታችሁን ሳታስቀይሙ ምን ትሉታላችሁ?
4) ፀረ ተባይ በቤታችሁ አሁን የት ተቀምጧል? ከልጆች እጅ ምን ያህል ይርቃል?